የአያ ይግዛው የንስሐ አግዳሚ

አያ ይግዛው ማረፋቸውን የነገረኝ የደምበጫው ጨርቅ ነጋዴ ኢብራሂም ነው። ገበያ ላይ ጥለት ስመርጥ፣ እንደ ዋዛ «ያ አናጢው ሽማግሌ፣ የእናንተ ጎረቤት የነበሩት፣ አረፉ እኮ» አለኝ። ካረፉ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር። ደብሩ አላስቀብርም ስላለ እዚያው ደምበጫ፣ ጓሯቸው ውስጥ ነው የተቀበሩት፤ ጉድጓዱን የቆፈሩትም ኢብራሂምና የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። ሳጥኑን ግን ማንም አልሠራላቸውም። ራሳቸው ሠርተው፣ ልክ መሆኑንም ተኝተው አይተው፣ ግድግዳ አስደግፈው አቁመውት ኖሯል።

ጥለቱን ትቼ ቤቴ ገባሁ። ለቅሶ ልቀመጥ ብል ምናቸው ነኝ ብዬ እቀመጣለሁ? በሥጋ አንዛመድም፣ በሃይማኖትም አንገናኝም። ልጄ ማን ሞቶ ነው ብላ ስትጠይቀኝ «ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው» አልኳት። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን እንኳ አልነገርኳትም። ስለ እኒህ ሰው የማውቀው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጭብኛል። አንድ ቀን ጻድቅ ናቸው እላለሁ፤ በማግስቱ የወንድሜን ነፍስ ለአንድ ባንዳ ምላስ አሳልፈው የሰጡ ሰው ናቸው ብዬ እቀየማቸዋለሁ። ደግሞ ልነግራቸው የሚገባኝ ነገር ነበረኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፤ አልነገርኳቸውም። ብጽፈው ይጠራልኝ እንደሆነ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

አያ ይግዛው ደብረ ማርቆስ መጥተው ጎረቤታችን የሆኑት ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዓመት ነው። በወጣትነታቸው ሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ከጎጃም ወደ ወለጋ በበቅሎ እየጫኑ ይመላለሳሉ። አንድ ክረምት እዚያው ታመው የውጭ ሚሲዮኖች ዘንድ ተኙ። ሲነሡ አናጢነትም ወንጌልም ተምረው ተነሡ፣ በዚያውም ብዙ ዓመት ቀሩ። ጣሊያን ሚሲዮኖቹን ሲያባርር መጋዛቸውንና መላጊያቸውን አህያ ላይ ጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። ከእናቴ አጥር ጋር የተያያዘች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። የማንም ቤት ሲገቡ የቀረበላቸውን መቀመጫ በሁለት እጃቸው ነቅንቀው ካላዩ አይቀመጡም። እናቴ ይህን አመላቸውን አትወደውም ነበር። እንዲያውም አንድ ቀን ከጭቃ የተሠራውን መደባችንን ሊነቀንቁ ጎንበስ ሲሉ አይታ «ኧረ አያ፣ ይህንንስ እግዜር ነው የገጠመው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። ሳቁና ተቀመጡ። ሌላም አመል ነበራቸው፤ ከባድ ነገር ሲጠየቁ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ሰጋቱራ ኖረበትም አልኖረበትም፣ እፍ ይሉታል። መልሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ውስጥ ጸሎት ያደርጋሉ። የሚመጡት ሸማኔው ጥላሁንና ሚስቱ፣ ከወለጋ የመጡ ሦስት የቀን ሠራተኞች፣ እንዲሁም እኔ ነበርን። ሁላችንም ሰሌን ላይ እንቀመጣለን፤ እሳቸው ከፊት ለፊት ይቆማሉ። በመካከላችን ከዋንዛ የተሠራች፣ መደገፊያ የሌላት፣ ሦስት ሰው የምትይዝ አግዳሚ አለች። ማንም አይቀመጥባትም። ዘምረው፣ አንብበው፣ አስተምረው ሲጨርሱ «ሸክም የከበደው ካለ ይምጣና ይቀመጥ» ይላሉ። ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ማንም አይነሣም። የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘው አግዳሚዋን ይጠርጉና እንበተናለን። ይኸው ነበር የየሳምንቱ ሥርዓት። ከተማው «ጸረ ማርያም» እያለ ይሰድባቸው ነበር፤ አግዳሚዋንም «የጸረ ማርያሞች ታቦት» ይሏታል።

እኔ የሄድኩት ለሃይማኖቱ አልነበረም። ከባሌ ተፋትቼ እናቴ ቤት ተመልሼ ነበርና ቀኑ አይገፋልኝም። እሳቸው ሴትም ብትሆን ፊደል ትቁጠር ባይ ናቸው። መጀመሪያውኑ «አያ፣ ማርያምን አልተውም» ብያቸዋለሁ። «ማን ተዪ አለሽ፣ ሀ በይ» አሉኝ። በስድስት ወር ማንበብ ቻልኩ፤ በዓመቱ መጻፍ ያዝኩ። የመጻፊያ ሰሌዳዬን ራሳቸው ልገው ነው የሠሩልኝ።

ስለ አግዳሚዋ አንድ ጊዜ ተከራክረናል። በጾም ወተት ቀምሼ ነፍስ አባቴ ለሳምንት በየቀኑ አርባ አርባ ስግደት አዝዘውኝ ነበር። ጉልበቴ እያመመኝ ፊደል ልማር ስገባ፣ እናንተ ዘንድ ለዚህ ስንት ስግደት ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም አሉኝ። ጾምስ? ምንም። «ተቀምጠሽ ትናገሪያለሽ፣ እኛ ከበንሽ እንንበረከካለን፣ ከዚያ አልቋል ተብለሽ ትነሻለሽ» አሉኝ። «ይህማ ርካሽ ነው» አልኳቸው። መዳፋቸውን እፍ አሉና «ተቀምጠሽ እይውና ርካሽ መሆኑን ትነግሪኛለሽ» አሉ። አልተቀመጥኩም። ነፍስ አባቴ እንኳ ጆሯቸውን አስጠግተው ነው የሚሰሙኝ፤ በሰው ሁሉ ፊት ገመናዬን የምዘረግፈው ምን ሆኜ ነው? እሳቸው ግን ለዚህም ሕግ አላቸው። አግዳሚዋ ላይ የተባለ ነገር ከደፍ አያልፍም፤ የሰማ ሁሉ እዚያው ጥሎት ይወጣል።

መጀመሪያ የተቀመጠባት ሰው እትዬ የሺ ነበረች። የሉማሜ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ አንድ ልጇ ከአርበኞች ጋር ዱር ገብቷል። አንድ እሑድ በረዶ ሲጥል በቅርብ ያገኘችው የአያ ይግዛው ቤት ሆነና ገባች። ሰሌኑ ላይ ቦታ የለም፤ አግዳሚዋ ባዶ ናት፤ ሄዳ ቁጭ አለች። እነ ጥላሁን ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ የሚገባ ሰው ሲጠብቁ ኖረው ነበርና ማን ይጠይቅ። ተነሥተው ከበቧት፣ ተንበረከኩ፣ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጭነው ማልቀስ ጀመሩ። በእኛ አገር የተቀመጠችን እናት ሰው ከቦ ሲያለቅስ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። እትዬ የሺ አንድ በአንድ ዓይናቸውን አየች፤ ነጠላዋን ጣለች፤ ደረቷን መድቃት ያዘች። የት ላይ ነው የወደቀው፣ ሬሳውስ ተነሥቷል ወይ እያለች ልጇን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። እነሱ ደግሞ እንዴት ያለ ጥልቅ ንስሐ ነው ብለው ይብሱን ያለቅሳሉ።

እኔ ነኝ ቀድሜ የገባኝ። ማንም አልሞተም ብላት መርዶውን የምደብቃት መሰላት። አያ ይግዛው በሕይወታቸው ምለው የማያውቁ ሰው፣ እግሯ ላይ ወድቀው ማሉላት። አላመነቻቸውም። ልጇ በደህና መኖሩን እስኪልክላት ድረስ ሁለት ሳምንት ፀጉሯን ተላጭታ መሬት ላይ ተኛች። በኋላ ሰው ሁሉ ሲስቅበት እሳቸው አልሳቁም። ልጇ ደህና ነው እስኪባል እህል አልቀመሱም፤ ደጇ እየሄዱ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ አግዳሚዋ የሚጠጋ ሰው ካለ አስቀድመው «አውቀህ ነው?» ይላሉ።

ያኔ የሚያሳስበኝ የእኔም ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድሜ አንለይ ከጮቄ ሥር ከሰፈሩት አርበኞች ጋር ነበር። ከእሱ ጋር የምታገናኘን አንዲት መነኩሴ ናት፤ የቆሎ ከረጢቷን ይዛ በየመንደሩ ስትለምን ማንም ፈትሿት አያውቅም። እናቴ ሌሊትም ቀንም የምትጸልየው ለእሱ ነው። አያ ይግዛው ይህን ሁሉ ያውቃሉ፤ ስንቅ ስንልክ ከረጢቱን የሚሰፉልን እሳቸው ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ የጣሊያን ምሽግ ውስጥ በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ሰውም ከባንዳ ቆጥሯቸዋል። አንድ ቀን ይህን እንዴት ያደርጋሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። «በር ነው የምገጥምላቸው። በር መውጫም ነው» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም።

ከመስቀል በኋላ አንድ እሑድ፣ ገና ዘምረን ሳንጨርስ፣ ጫኔ መጣ። ጫኔን የማያውቅ የለም፤ ለጣሊያን መንገድ የሚመራ ባንዳ ነው። ጠመንጃውን ደጃፍ አስደግፎ ሲገባ እነ ጥላሁን ሊያስሩን መጡ ብለው ተነሡ። ጫኔ ማንንም አላየም። ዓይኑ አግዳሚዋ ላይ ነበር።

«አውቀህ ነው?» አሉት አያ ይግዛው።

«አውቄ ነው። በር ሲገጥሙ የነገሩኝን ሰምቻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ከዚያ ተናገረ። ሁለት መንደር መርቶ አስቃጥሏል። ሁለተኛው ሲቃጠል አንዲት ሴት ከሚነድ ጎተራ ውስጥ ጤፍ በእጇ እየዘገነች ስታወጣ አይቷል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ከጉሮሮው አልወርድ ብሎታል። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ አላለቀሰም። እኛ ተንበርክከናል፤ ማንም ግን እጁን ትከሻው ላይ ለማሳረፍ አልደፈረም። ከዚያ ያልጠበቅነውን ተናገረ። ሦስተኛው የፊታችን ሐሙስ ይቃጠላል አለ። ጣሊያን ሐሙስ ንጋት ላይ ከጮቄ ሥር ያለውን የአርበኛ ሰፈር ሊከብ ነው፤ መንገዱን የሚመራውም እሱ ነው።

ያ የወንድሜ ሰፈር ነው። አያ ይግዛው አልቋል፣ ተነሥ ሊሉት ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁልጊዜ የሚያስተምሩት እንደዚያ ነበርና። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አግዳሚዋን ጫፏን ይዘው፣ ሰውየው እንደተቀመጠ፣ ነቀነቋት።

«ሰፈሩን ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እንግዲያው ሂድና ንገራቸው።»

ጫኔ ቀና ብሎ አያቸው። «ይገድሉኛል እኮ፣ አያ። አልቋል ብለው አልነበር የሚያስተምሩ?»

«ላንተ አልቋል። ለእነሱ ግን ሐሙስ ገና ነው።»

ጫኔ ተነሣና ጠመንጃዬን ልተወው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠመንጃ ጥሎ ከከተማ ቢወጣ ዘበኞቹ ይጠረጥሩታል፤ ይዞ ይሂድ፣ ሰፈሩ ጫፍ ሲደርስ ግን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ይያዘው አሉት። ወጣ። አያ ይግዛው እያንዳንዳችንን እየዞሩ፣ የሰማነውን እዚህ እንተወዋለን አሰኙን። እኔም እሺ አልኩ።

ቤቴ ሳልገባ አጥሩ ጋ ደረሱብኝ። መነኩሴዋ እኛ ዘንድ እንደነበረች ያውቃሉ። ቶሎ ብለሽ ላኪ ሊሉኝ ነው ብዬ ነበር።

«ጥሩነሽ፣ ቃል እንዳትልኪ» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ፣ ለዚሁ ነው የተከተልኩሽ። ይህ ሰው ሊያድናቸው ነው የሄደው። አንቺ ደግሞ ከኋላው ሌላ ቃል ከላክሽ አላመንነውም ማለት ነው። ያላመንነውን ሰው ደግሞ ለምን አስቀመጥነው?»

«ባይደርስስ? ቢከዳስ?»

መዳፋቸውን ዘርግተው እፍ አሉ። ከዚያ «እንጃ» አሉኝ።

አያ ይግዛውን ባወቅሁበት ዘመን ሁሉ እንጃ ሲሉ የሰማኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ቢቆጡኝ፣ ወይም እግዚአብሔር ነግሮኛል ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። እሺ፣ አልልክም አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ።

ገብቼ መነኩሴዋን ሳያት ግን ቃሌ የት እንደገባ አላውቅም። እናቴ ከጎኗ ተቀምጣ ለአንለይ የሚላከውን በርበሬ ትቋጥራለች። እኒህ ሰው ልጅ የላቸው፣ ወንድም የላቸው፣ ስለ ወንድም ምን ያውቃሉ ብዬ ተናደድኩ። ደግሞ ጫኔ ስለ ጤፏ ሴት ሲናገር ድምፁ ትዝ ይለኝና እፈራለሁ። ሰው እንዲህ አድርጎ ይዋሻል? ባንዳ አይደል፣ ለምን አይዋሽም? ወረቀት አወጣሁ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ይኸው ነው፦ «ጣሊያን ሐሙስ ይመጣባችኋል፣ ልቀቁ። ጫኔ የሚባል ባንዳ ይመጣል፣ አትመኑት።» ንስሐ ገብቷል የሚል ልጨምርበት ወይስ ልተው ብዬ ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ወረቀቱ ቦታ ነበረው። አልጨመርኩም። መነኩሴዋ ቆቧ ውስጥ ሸጉጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጣች።

ሐሙስ ጣሊያን ያለ ጫኔም ሄደ። ባዶ ጎጆ አግኝቶ አቃጥሎ ተመለሰ። ወሬው ከተማው ውስጥ ሲሰማ አያ ይግዛው አጥሩ ጋ መጥተው ጠሩኝ። ፊታቸው እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። «ደርሷል» አሉኝ። «ጥሩነሽ፣ ደርሷል። ወንድምሽን አተረፈው።» እኔም ተመስገን አልኩ፤ በዚያ ሰዓት ከልቤ ነበር፣ ወንድሜ ተርፏልና።

በሦስተኛው ቀን የጣሊያን ወታደሮች መጥተው አያ ይግዛውን ወሰዷቸው። ጫኔ መጨረሻ የታየው እሳቸው ቤት ሲገባ ነበር። የት ሄደ ተብለው ሲጠየቁ «ሊጸልይ መጣ፣ ጸልዮ ሄደ» ብለዋል፤ ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አልተነፈሱም። በጅራፍ ጀርባቸውን ገሸለጡት። በር የሚገጥም ሌላ አናጢ ስለሌለ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቀቋቸው። ጀርባቸውን ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ። በደረታቸው ተኝተው ስለ ጫኔ ያወሩኛል፤ አሁን ምን ይበላ ይሆን፣ አርበኞቹ ወደዱት ይሆን፣ እህልስ ከጉሮሮው ይወርድለት ጀመር ይሆን እያሉ።

እኔ ግን ያን ጊዜ አውቄአለሁ። መነኩሴዋ ተመልሳ የአንለይን ቃል ነግራኝ ነበር። ደብዳቤዬ ከጫኔ ግማሽ ቀን ቀድሞ ነው የደረሰው፤ እሷ አቋራጩን ታውቃለች። ያልሽው ባንዳ መጣ ብሏል አንለይ። አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ፣ ሌላ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ነበር። ሳይጠጋን ሸንተረሩ ላይ ጣልነው፣ እግዜር ይስጥሽ ብሏል።

ይህን ሰምቼ ነው ቅቤ ስቀባቸው የነበረው። ልንገራቸው ስል ጀርባቸውን አያለሁ። ስለማን ብለው እንደተገረፉ አስባለሁ፤ በሕይወት አለ ብለው ስላመኑት ሰው። እንዴት አድርጌ ነው የለም የምላቸው? ደግሞ አጥፍቻለሁ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ጫኔ ቢከዳ ኖሮ ሁሉም አልቀው ነበር። አልከዳም። ግን ይህን ማን ያውቅ ነበር? አያ ይግዛው እንኳ እንጃ ብለዋል። ይህን ጥያቄ ያኔ አልፈታሁትም፣ ዛሬም አልፈታሁትም።

ጣሊያን ከከተማዋ ለቅቆ አርበኞች ሲገቡ ሕዝቡ ሁሉ መንገድ ዳር ወጣ። አያ ይግዛውም ከሰው መሐል ቆመው፣ ጎፈሬ ያበጠሩትን፣ ጥይት የታጠቁትን አንድ በአንድ ፊታቸውን ያያሉ። የሚፈልጉት ማንን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንለይ ሲደርስ አቅፈው ሳሙትና «ጫኔስ? አብሯችሁ አይደለም?» አሉት። አንለይ ሳቀ። «ያ ባንዳ? ገና ብቅ ሲል ነው የጣልነው» አላቸው። ምን ተናገረ ብለው ጠየቁት። ምን ጊዜ አግኝቶ አላቸው። «ታዲያ መልቀቅ እንዳለባችሁ በምን አወቃችሁ?» አሉት። አንለይ ወደ እኔ ዞረ። እጁን ይዤ ጎተትኩት፤ እናታችን እየጠበቀችህ ነው አልኩት። እሱም ለአያ ይግዛው «ወሬ ደረሰን» ብቻ ብሎ ተከተለኝ። ከማን ብለው አልጠየቁም። ዞር ብዬ ሳያቸው እዚያው እንደቆሙ ነበር፤ የሚያልፈው ሰው ይገፋቸዋል።

በዓመቱ ደምበጫ ገብተው እዚያ መኖር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ይሁን አራት ጊዜ ገበያ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ ወንድሜን ይጠይቁኛል፣ ሁለተኛ አግብቼ የወለድኳቸውን ልጆቼንም ምን ድረስ አነበቡ ይላሉ። አንደኛውን ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ የመጣልኝ የጤፍ ዋጋ ሆነ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ደብዳቤ ልጽፍላቸው ተቀመጥኩ። ጀመርኩና ቀደድኩት።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አርበኞች በገቡ በማግስቱ የነበረውን እሑድ ነው። እንደ ልማዳችን ተሰበሰብን። ዘመርን፣ አነበብን። ከዚያ አያ ይግዛው ማስተማሩን ተዉና ከቆሙበት መጥተው አግዳሚዋ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። ማን አውቀው ነው ወይ ይበላቸው? ጥላሁን ሚስቱን ያያል፣ ሚስቱ እኔን ታየኛለች።

ሰው ገድያለሁ አሉ። ንስሐ ሊገባ የመጣን ሰው፣ አምነው ይቀበሉት እንደሆነ ሳላጣራ፣ ምልክት ሳልሰጠው፣ አንድ ሰው እንኳ ሳላስከትለው ሰድጄ አስገደልኩት አሉ። ለአንድ ሰው ቃል እንዳትልኪ ብዬ ከልክያለሁ፤ ያኔ ባልከለክል ኖሮ ቀድማ ወሬውን ታሰማለት ነበር፣ መጥቷል ተቀበሉት ትልለት ነበር አሉ። በትዕቢት ነው ያደረግኩት፣ አግዳሚዬ ሠርታ ማየት ፈልጌ ነው አሉ። ይህን ሲሉ የሚያለቅሱት እንደ ልጅ ነበር።

ተነሥተን ከበብናቸው። ተንበረከክን። እኔ ከኋላቸው ነበርኩና እጄን ያሳረፍኩት ጠባሳው ያለበት ጀርባቸው ላይ ነው፤ በጋቢው በኩል ይታወቀኛል። አሁን ብናገር ኖሮ ማንም ከደፍ አያሳልፈውም ነበር። ሌላ ቦታ የለም፣ ሌላ ቀን የለም ብዬ አሰብኩ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን የሌሎቹ ቃል ነው። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በላቸው አልኩ፤ ከሁሉ በላይ የተሰማው የእኔ ድምፅ ነበር።

ጸሎቱ ሲያበቃ ዞር ብለው አዩኝ። ፊቴ በእንባ ርሶ ነበር። አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ ይኸው እስካሁን ግራ እንደገባኝ አለሁ፤ ሁለቱን እጆቼን ያዙና «የኔ ልጅ፣ አንቺ ቃልሽን ጠብቀሻል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉኝ።

አሜን አልኩ።